ኮርፐስ ካሎሰምን በበግ አንጎል ላይ መግለጥ፦ ከአራጁ እጅ እስከ ናሙናው ባልዲ

የጤና ተማሪ ሁሉ ኮርፐስ ካሎሰምን በሥዕል ያውቀዋል። አንጎል መሐል ለመሐል ተሰንጥቆ ሲታይ ጎበጥ ብላ የምትታየው ነጭ መስመር ናት። ፈተና ላይ ቀስት ይደረግባታል፣ ስሟ ይጻፋል፣ አለቀ። ነገር ግን ያቺ መስመር የተቆረጠው ጠርዝ ብቻ ናት። ኮርፐስ ካሎሰም ማለት ግራና ቀኙን የአንጎል ክፍል የሚያገናኝ፣ ወደ ሁለቱም ጎን ጠልቆ የሚሰራጭ ሰፊ የነጭ ቁስ (የነርቭ ጭራዎች የሞሉበት ነጭ የአንጎል ክፍል) ንጣፍ ነው። በሰው ላይ ከፊት ወደ ኋላ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ 200 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ጭራዎች ይሻገሩበታል። ይህን ስፋት በመጽሐፍ አታገኙትም፤ በእጅ መግለጥ ያስፈልጋል።

የማስተምረው ከካራ አለፍ ብሎ በለገጣፎ መንገድ ነው። እዚህ አካባቢ የሰው አንጎል ናሙና በየኮሌጁ አይገኝም። በግ ግን ሞልቷል፤ በበዓል ማግስት ጭንቅላቱ በየአጥሩ ሥር ወድቆ ይታያል። የበግ አንጎል ላይ መማር የሚያሳፍርም ነገር አይደለም፤ በ2ኛው መቶ ዘመን የኖረው ሐኪሙ ጌለን ራሱ የበሬ አንጎል እየገለጠ ነበር የሚያስተምረው፤ በትልልቅ ከተሞች ከአጥንቱ ተላቆ ለገበያ እንደሚቀርብም ጽፏል። ኮርፐስ ካሎሰም ያላቸው በእንግዴ ልጅ የሚወልዱ አጥቢዎች ናቸው፤ ካንጋሮና ዘመዶቿ የላቸውም። በጋችን አለው፣ በደንብ አድርጎ።

የሥራው ዋና ሕግ አንድ ነው፤ ነጭ ቁስ አይቆረጥም፣ በተፈጥሮ አቅጣጫው ይቀደዳል። ስለት የፈለገውን ቅርጽ ይፈጥራል፤ ተማሪውም ራሱ የሠራውን ቅርጽ አይቶ "አገኘሁት" ይላል። ከታች የምትሠሩት ሁሉ ቃጫው (የነርቭ ጭራዎቹ ጥቅል) በራሱ አቅጣጫ እንዲቀደድ ለማዘጋጀት ነው።

ጭንቅላቱን መምረጥ

ሁለት ጭንቅላት ያዙ። አንዱ ከላይ ወደ ታች ይገለጣል፣ ሌላው መሐል ለመሐል ይቆረጣል። በአንዱ ሁለቱንም ለመሥራት የሚሞክር ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ያበላሻል።

በበዓል ጠዋት ቢላውን ይዞ ከቤት ቤት የሚዞረውን አራጅ ከዋዜማው አናግሩት። "ጋሼ፣ ጭንቅላቱን ሳይፈለጥ ነው የምፈልገው" በሉት። ይህን ካላላችሁት በመጥረቢያ ከሁለት አድርጎት ታገኙታላችሁ፣ ከዚያ በኋላ የሚሠራ ነገር የለም። በጉ በታረደበት ቀን አንጎሉን ማውጣት አለባችሁ። የእንጦጦ ብርድ ቢያግዝም አንጎል ቶሎ የሚፈርስ ነገር ነው፤ ያደረ ጭንቅላት ስትከፍቱት በማንኪያ የሚቀዳ ይሆንባችኋል።

ካራ ገበያ ከሰሜን ሸዋ የሚወርደው የመንዝ አውራ በግ ቀንዳም ነው፤ ቀንዱ ሥር ያለው አጥንት ወፍራም ነው፣ መጋዝ ያደክማል። ከምዕራብ የሚመጣው የሆሮ በግ ብዙውን ጊዜ ቀንድ የለውም። ምርጫው ካላችሁ እሱን፣ ወይም ቀንድ የሌላትን ሴት በግ ውሰዱ። ወጣት በግ ከሽማግሌው ይሻላል፤ አጥንቱ ስስ ነው።

የታመመ በግ ጭንቅላት አትንኩ። ውሻ የነከሰው ወይም ጠባዩ ድንገት የተለወጠ ከሆነ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል፣ ለትምህርት ተብሎ የሚደፈር ነገር አይደለም። ሌላው አዙሪት ነው። አንገቱን አዘንብሎ በአንድ አቅጣጫ የሚሽከረከር በግ አይታችሁ ይሆናል፤ በአንጎሉ ውስጥ የውሻ ኮሶ ትል እጭ ውሃ ቋጥሮ ተቀምጦ ነው። ትሉ ቴኒያ መልቲሴፕስ ይባላል። ውሻው ትሉን በአንጀቱ ይይዛል፣ እንቁላሉ ሣር ላይ ይወድቃል፣ በጉ ከሣሩ ጋር ይውጠዋል፣ እጩ ወደ አንጎል ይሄዳል። ጤነኛ የሚመስል በግ ስትከፍቱም ጥርት ያለ ውሃ የያዘ፣ ከውስጥ ግድግዳው ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ያለበት ስስ ከረጢት ልታገኙ ትችላላችሁ። ያ ጭንቅላት ለኛ ሥራ አይሆንም፤ ከረጢቱ በዙሪያው ያለውን ሁሉ ገፍቶታል።

አንዱ አራጅ "እሱማ ለውሻ ነው እኮ የሚጣለው" ብሎኝ ነበር። በሽታው እየዞረ የሚኖረውም በዚሁ መንገድ ነው። የተረፈውን ሁሉ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩ ወይም አቃጥሉ።

አጥንቱን መክፈት

ሰጌቶ፣ ሰፋ ያለ መሮ፣ ትንሽ መዶሻ፣ ፒንሳና ጫፉ ያልሾለ መቀስ ይበቃል። ጓንትና መነጽር አትርሱ። ቆዳውንና ከማጅራቱ ያለውን ሥጋ አንሱ፤ የአከርካሪ ገመድ የሚወጣበት ትልቁ ቀዳዳ ከኋላ በደንብ እስኪታይ ድረስ።

ሦስት መስመር ትቆርጣላችሁ። የመጀመሪያው ከዓይን ጉድጓዶቹ የኋላ ጠርዝ አንድ ጣት ያህል ወደ ኋላ ብሎ ግንባሩን አግድም ያቋርጣል። ሁለቱ ከዚህ መስመር ጫፎች ተነሥተው፣ ከጆሮ በላይ አልፈው፣ በትልቁ ቀዳዳ ግራና ቀኝ ያርፋሉ። አጥንቱን በውሃ እያረጠባችሁ በአጭር በአጭሩ ጋዙ፤ ካልረጠበ ዱቄቱ ይበንና ወደ አፍንጫ ይገባል። ሰጌቶ አጥንት ሲበላ ደረቅ ድምፅ አለው። ሊበሳ ሲቃረብ ድምፁ ይደፈናል፣ መጋዙም በእጃችሁ ላይ ይቀልላል። እዚያ ላይ አቁሙ። የቀረውን መሮውን በተጋዘው ቦይ ውስጥ አስገብታችሁ ጠምዘዝ ስታደርጉት ራሱ ቀጭ ይላል። መዶሻው ለማስገባት ብቻ ነው። ጎረቤት በአጥር ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ "ምን እየሠራችሁ ነው?" ማለቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ጓሮ ውስጥ፣ ሸራ ዘርግታችሁ ሥሩ።

ክዳኑ ሲነሣ ዱራ የሚባለው ጠንካራ ሽፋን ይታያል። በመቀስ ዙሪያውን ቁረጡት። በሁለቱ የአንጎል ክፍሎች መካከል ወደ ታች የሚወርድ የዚሁ ሽፋን እጥፋት አለ። ከፊት በኩል ቁረጡና ቀስ እያላችሁ ወደ ኋላ ሳቡት። ሥሩ የሚያርፈው በምንፈልገው ንጣፍ ላይ ስለሆነ በኃይል የተጎተተ እንደሆነ ሥራው ሳይጀመር ያልቃል። በትልቁና በትንሹ አንጎል መካከል ያለውን አግድም እጥፋት ደግሞ ከጎን ከጎኑ ቁረጡ።

ከዚያ ጭንቅላቱን ገልብጡት። አንጎሉ በራሱ ክብደት ይወርዳል፣ እናንተ የምታደርጉት የያዘውን መልቀቅ ነው፦ ከፊት የማሽተቻ ጉብታዎቹን በማንኪያ እጀታ፣ ቀጥሎ የዓይን ነርቮቹን በመቀስ፣ ወደ ኋላ እያላችሁ ሌሎቹን፣ በመጨረሻም የአከርካሪ ገመዱን። የማሽተቻ ጉብታዎቹ ቢቀሩም አትዘኑ።

ማጽናት

ለስላሳ አንጎል ምንም አያሳይም፣ መጽናት አለበት። ለዚህ የሚበጀው ፎርማሊን ነው። አንድ እጅ ፎርማሊን፣ ዘጠኝ እጅ ውሃ። ለአንድ የበግ አንጎል 2 ሊትር ይበቃል፤ ማለትም 200 ሚሊ ሊትር ፎርማሊን በ1.8 ሊትር ውሃ ላይ። ባለ 4 ሊትር የቀለም ባልዲ ከነክዳኑ በደንብ ታጥቦ ለዚህ የተሠራ ይመስላል።

ፎርማሊን ዓይንና ሳንባን ያቃጥላል፣ ካንሰርም ያመጣል። የቀዶ ሕክምና ማስክ እንፋሎቱን አያስቀርም። ስለዚህ ቅልቅሉ የሚሠራው በኮሌጁ ቤተ ሙከራ፣ አየር በሚወጣበት ቦታ፣ በኃላፊው ፊት ነው። ሳሎን ውስጥ አይሆንም። ፎርማሊን የማያገኝ የሁለተኛ ደረጃ መምህር 70 በመቶ አልኮል ሊጠቀም ይችላል፤ ከአንጎሉ የሚወጣው ውሃ ስለሚያቀጥነው ከ2 ወይም ከ3 ቀን በኋላ መቀየር፣ ከምድጃና ከከሰል ማራቅ ግድ ነው። በአልኮል የጸናው ለመሐል ቆረጣው ደህና ነው፤ ለቃጫ ገለጣው ግን ፎርማሊን የጸናውን አያህልም። ደግሞ ተማሪዎቼ ስለሚጠይቁኝ፦ አረቄ አይሆንም፣ ዳግም የተጣራውም ቢሆን ጉልበቱ አይበቃም።

አንጎሉን ባልዲው ሥር አታስቀምጡት፤ ጠፍጥፎ ይቀራል። ከታች በኩል፣ በአንጎል ግንዱ መሐል የሚሄደውን የደም ሥር ፈልጉና በሥሩ ክር አሳልፉ። ክሩን ከባልዲው እጀታ ጋር አሥራችሁ ተገልብጦ እንዲንሳፈፍ አድርጉ። ቢያንስ 3 ሳምንት ይቆይ።

በረዶ ማድረግ

ይህ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣ ዘዴ ነው። የስዊዘርላንዱ ባዝል ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ዮሴፍ ክሊንግለር ሥራው የአናቶሚ ናሙና ማዘጋጀት ነበር። ዛሬ የአንጎል ቀዶ ሐኪሞች የነጭ ቁስን መንገድ የሚማሩት እሱ ባሳየው መንገድ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ፎርማሊን በቃጫዎቹ መካከል ይገባል። ሲቀዘቅዝ በመካከላቸው ያለው ውሃ በረዶ ይሆናል፣ ውሃ በረዶ ሲሆን ደግሞ ይሰፋል። በዚህም ቃጫዎቹ ሳይበጠሱ ይላቀቃሉ። የላይኛው ግራጫ ቁስ ብዙ ውሃ ስላለው ይበልጥ ይሳሳል፤ ኋላ በጣት ሲነካ ይረግፋል።

አንጎሉን አንድ ሙሉ ቀን በቧንቧ ውሃ እጠቡ፤ ቧንቧው ካልመጣ በጀሪካን ውሃ አምስትና ስድስት ጊዜ ለዋውጡ። ከዚያ ስስ ሽፋኑንና የደም ሥሮቹን በጉጠት እየቆነጠራችሁ አንሱ። አሰልቺ ነው፣ ግን ሽፋኑ ሳይነሣ የቀዘቀዘ አንጎል እጥፋቶቹ እንደተጣበቁ ይቀራሉ። ውሃውን አንጠፍጥፋችሁ በላስቲክ ጠቅልሉና ከ8 እስከ 10 ቀን ፍሪዘር ውስጥ አኑሩ። ምግብ የሚቀመጥበት ፍሪዘር ውስጥ ግን በጭራሽ። መብራት ቢጠፋ አትደንግጡ፤ በእኛ ሰፈር መጥፋቱ አይቀርም። ቀልጦ እንደገና መቀዝቀዙ ቃጫውን ይበልጥ ያላቅቀዋል እንጂ አይጎዳውም። ሲደርስ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቀስ ብሎ ይቅለጥ።

በአልኮል ያጸናችሁ ይህን እለፉት፤ 70 በመቶ አልኮል በቤት ፍሪዘር አይቀዘቅዝም።

ከላይ መግለጥ

አሁን የምትፈልጉት ሁለት ነገር ነው፦ የአይስክሬም እንጨትና ስቴኪኒ። የእንጨቱን አንድ ጫፍ በአሸዋ ወረቀት አሳሱት፣ ስለት ግን አይኑረው። ምላጭና ስካልፔል ከጠረጴዛው ላይ ይነሡ። እጅ ቅርብ ከሆኑ ተማሪ መጠቀሙ አይቀርም።

አንጎሉን ፊቱን ወደ ፊት አድርጋችሁ በእርጥብ ጨርቅ ላይ አስቀምጡ። ሁለቱን አውራ ጣቶች በመሐለኛው ስንጥቅ አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ከታች ነጭ ነገር ብልጭ ይላል። እሱው ነው። አሁን ግን የምታዩት ጠባብ ቁራጩን ነው። ግራና ቀኙ በላዩ በተጋደመው ሲንጉሌት በሚባለው እጥፋት ተሸፍኗል።

ከአንዱ ጎን ጀምሩ። የዚህን እጥፋት ግራጫ ሽፋን በእንጨቱ ጫፍ እየገፋችሁ አንሱ። በደንብ የቀዘቀዘ ከሆነ ግራጫው እየረገፈ ይወርዳልና ከሥሩ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ የነጭ ቃጫ ጥቅል ብቅ ይላል። ይህ ሲንጉለም ነው። ብዙ ሰው እዚህ ደርሶ ኮርፐስ ካሎሰምን ያገኘ ይመስለዋል። ስቴኪኒውን ከጥቅሉ ሥር አስገብታችሁ ጫፉን ከፍ አድርጉና በእንጨቱ ይዛችሁ ወደ ኋላ ላጡት። እንደ ገመድ ሳይሆን በስስ በስሱ ነው የሚነሣው፤ አትቸኩሉ።

ሲንጉለሙ በተነሣበት ቦታ አቅጣጫው ይለወጣል። እስካሁን ቃጫው ከፊት ወደ ኋላ ነበር፤ አሁን ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ሸማኔ ድሩን ዘርግቶ ማጉን እንደሚያሳልፈው፣ ሁለቱ በዘጠና ዲግሪ ይቋረጣሉ። ይህን ለማረጋገጥ ስቴኪኒውን በቀስታ ከፊት ወደ ኋላ አሻሹት፤ ይሻክርና ቃጫውን ያነሣል። ከመሐል ወደ ጎን አሻሹት፤ ያለ ምንም ተቃውሞ ይንሸራተታል። እጃችሁ ይህን ልዩነት አንድ ጊዜ ካወቀው ነጭ ቁስ የትም ቢሆን አቅጣጫውን ትለያላችሁ። እኔ ተማሪ የምፈትነው በዚህ ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ አቅጣጫውን ይነግረኛል።

በንጣፉ ላይ፣ ከመሐል መስመሩ ግራና ቀኝ፣ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱ ቀጫጭን መስመሮች ካያችሁ የላንቺሲ መስመሮች የሚባሉት ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1654 እስከ 1720 የኖረው ይህ ጣሊያናዊ ሐኪም ነፍስ የምትኖረው በኮርፐስ ካሎሰም ነው ይል ነበር። ቦታውን እንዲህ ተገልጦ ያየ ሰው ለምን እንደዚያ እንዳሰበ ይገባዋል።

ከመሐሉ ወደ ጎን ቃጫውን ተከተሉ። ከፊት ያሉት ወደ ፊት ተጠምዝዘው ወደ አንጎሉ የፊት ክፍል ይገባሉ፤ ፎርሴፕስ ማይነር ይባላሉ። ከኋላ ያሉት ወደ ኋላ ይጠመዘዛሉ፤ ፎርሴፕስ ሜጀር ናቸው። መሐለኞቹ ቀጥ ብለው ወደ ጎን ሄደው አንድ ቦታ ላይ ይጠፋሉ። እዚያ ላይ ከታች ወደ ላይ ከሚወጣው ከኮሮና ራዲያታ ቃጫ ጋር ስለሚጠላለፉ ነው። እዚህ ላይ አትታገሉ። መጠላለፉ ራሱ የሚታይ ነገር ነው፣ እዚያው አቁሙና ሌላውን ጎን ሥሩ።

ሁለቱም ጎን ሲያልቅ ከመሐል መስመሩ ትንሽ ወደ ጎን ንጣፉን በስቴኪኒ ብሱና ቃጫውን ተከትላችሁ ክፈቱ። ወደ ባዶ ክፍል ትገባላችሁ፤ የጎን ቬንትሪክል ነው፣ ኮርፐስ ካሎሰም ደግሞ ጣሪያው። ከፊት ግራጫ ሆኖ ጉብ ያለው ኮዴት ነው፣ ከኋላ ጎብጦ ነጣ ያለው ሂፖካምፐስ።

መሐል ለመሐል መቁረጥ

ይህ አጭር ነው። ሁለተኛውን አንጎል ይዛችሁ ረጅምና ስስ ቢላ አርጥቡ፣ በመሐለኛው ስንጥቅ አስገቡና በአንድ ረጅም ስባት ቁረጡ። ወደፊትና ወደኋላ መጋዝ የለም።

ከኋላ ወፈር ያለው ጫፍ ስፕሌኒየም ነው። መሐሉ አካል፣ ከፊት የሚታጠፈው ጄኑ፣ ከጄኑ ወደ ታችና ወደ ኋላ የሚቀጥነው ሮስትረም። ከሥሩ ሴፕተም ፔሉሲደም የሚባል ስስ መጋረጃ አለ፤ ከዚያ በታች ሌላ ነጭ ቅስት፣ ፎርኒክስ። ተማሪ የሚያምታታው እነዚህን ሁለቱን ነው። ከኋላ ተነካክተው ይጀምሩና ወደ ፊት ሲሄዱ ይለያያሉ፤ ፎርኒክስ ወደ ታች ይታጠፋል። ከተጠራጠራችሁ በስቴኪኒ ፈትኑ። ፎርኒክስ ላይ ቃጫው ከኋላ ወደ ፊት በርዝመቱ ይላጣል። ኮርፐስ ካሎሰም ላይ ግን ቃጫው ተቆርጦ ጫፉ ወደ እናንተ ስለሚያይ በርዝመቱ የሚላጥ ነገር የለም። ከፎርኒክስ መታጠፊያ ፊት ለፊት ያለችው ትንሽ ክብ ነጭ ነጥብ አንቲሪየር ኮሚሹር ናት፤ እሷም ግራና ቀኝን ታገናኛለች።

ከበግ ወደ ሰው

በጉ የሚያታልልበት ቦታ አለ። የበግ የፊት ክፍል ትንሽ ስለሆነ ጄኑው የሰውን ያህል አይገዝፍም። ሰው ላይ ከስፕሌኒየም በፊት ቀጠን የምትለው ኢስመስ በግ ላይ ጎልታ አትታይም፤ በመፈለግ ጊዜ አታጥፉ።

ሥራ ክፍፍሉን ከገለጣችሁት አቅጣጫ ጋር አያይዙት። በጄኑ የሚያልፉት የፊት ክፍሎችን፣ በአካሉ የሚያልፉት የእንቅስቃሴና የስሜት ክፍሎችን፣ በስፕሌኒየም የሚያልፉት ደግሞ በአብዛኛው የእይታ ክፍሎችን ያገናኛሉ። ደም አብዛኛው የሚመጣለት ከፊተኛው የአንጎል ደም ሥር ነው፤ ስፕሌኒየም ከኋለኛውም ይደርሰዋል። የፊተኛው ደም ሥር ስትሮክ ግራ እጅን ብቻ ትእዛዝ የማይቀበል ሲያደርግ የሚታየውም በዚህ ነው፤ ቋንቋ ካለበት ግራ ክፍል ወደ ቀኝ ክፍል የሚሻገረው መንገድ ተበጥሷል።

እ.ኤ.አ. በ1940 አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ቫን ዋገነን የሚጥል በሽታ ወደ ሌላው ጎን እንዳይሻገር ኮርፐስ ካሎሰምን መቁረጡን በጽሑፍ አሳወቀ። ኋላ ሮጀር ስፔሪ እንዲህ የተቆረጠላቸውን ሰዎች አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1981 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ለግራ የእይታ መስካቸው ብቻ የዕቃ ሥዕል ሲታያቸው "ምንም አላየሁም" ይላሉ፤ ግራ እጃቸው ግን ዕቃውን ከሌሎች መካከል ለይቶ ያነሣል። ቀኝ አንጎል አይቷል፣ ተናጋሪው ግራ አንጎል ግን አልደረሰውም። ከላይ የገለጣችሁትን የኋላ ክፍል ይዛችሁ ይህን አስቡት።

ኤምአርአይ ለሚያነቡ ደግሞ፦ መልቲፕል ስክሌሮሲስ የሚባለው የነርቭ በሽታ የኮርፐስ ካሎሰምን የታች ጠርዝ ይወዳል፤ ግሊዮማ የሚባለው የአንጎል ዕጢ ቃጫውን ተከትሎ ወደ ሌላው ጎን ይሻገራል፤ እ.ኤ.አ. በ1903 የተገለጸው የማርኪያፋቫ ቢኛሚ በሽታ መጠጥ በሚያበዙ ሰዎች ላይ የንጣፉን መሐለኛ ሽፋን ይበላል።

ማስቀመጥና ማስወገድ

የተገለጠው ናሙና ከደረቀ በአንድ ከሰዓት ይሰነጣጠቃል። ስትሠሩ በየጊዜው አርጥቡት፣ ስትጨርሱ በ70 በመቶ አልኮል ወይም በቀጭን ፎርማሊን ውስጥ መልሱት። ባልዲው ላይ የፈሳሹን ስም፣ ቀኑንና "መርዝ" የሚል ጽሑፍ በማይለቅ ቀለም ጻፉ፤ የቀለም ባልዲ ነውና ባዶ መስሎት የሚከፍተው አይጠፋም። ያገለገለ ፎርማሊን በቦይም ሆነ በወንዝ አይደፋም። በጀሪካን ከድናችሁ ወደ ኮሌጁ ቤተ ሙከራ መልሱት፤ ፎርማሊን የነካው አንጎልም ከዚያው ጋር ይሂድ።